«የዓመት መኖህን በጥር ግዛ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በወተት ላም አርቢዎችና በዶሮ አርቢዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ እህል በጥር ስለሚረክስ አርቢው የዓመት መኖውን በጥር አንድ ጊዜ ገዝቶ ይክተት፤ ገንዘብ ከሌለው ይበደር። ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) እና ፉርሽካ (ስንዴ ሲፈጭ ከዱቄቱ የሚለየው ገለፈት) ደረቅ ስለሆኑ ዓመት ቢቀመጡ ምንም አይሆኑም። በዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል ስለሚቀዘቅዝ የመኖ ዋጋም አብሮ ይወርዳል። ድርቆሽም እንደ ጭዱ በጥር ይገዛ። ከሁለት ግብዓት አንዱን መምረጥ ሲያስፈልግ በኩንታል ርካሹ ይወሰድ። ይህን ያደረገ የመኖ ወጪውን 40 በመቶ ይቀንሳል፣ ይላሉ ጸሐፊው።

ጸሐፊው የተነሱበት ሐሳብ መልካም ነው። በከተማና በከተማ ዙሪያ ለሚያረባ ሰው ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው መኖ ነው፤ መቼ ተገዛ የሚለውም ብዙ ብር ያተርፋል ወይም ያከስራል። ስህተቱ ሁሉንም ግብዓት በአንድ ወር ጠቅልሎ ማሰሩ ላይ ነው። በቆሎ የሚከተለው የአጨዳውን ወቅት ነው፤ ፉርሽካ የዱቄት ፋብሪካውን፣ ፋጉሎ የዘይት መጭመቂያውን፣ ሞላሰስ የስኳር ፋብሪካውን። ደግሞም ወጪ የሚለካው ከብቱ መኖውን በበላበት ቀን ነው። በተገዛበት ቀን ርካሽ የነበረ ኩንታል እስኪበላ ድረስ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ይነቅዛል፣ ይሻግታል፣ ወለድም ይቆጥራል። ጽሑፉ እነዚህን አንዳቸውንም አላሰበም።

«በጥር 4,000 የገዛኸው በነሐሴ 5,600 ነው»

ጸሐፊው 1,000 እንቁላል ጣይ ዶሮ ያለውን አርቢ ምሳሌ አድርገዋል። አንድ ዶሮ በቀን 115 ግራም ገደማ ትበላለች፤ 1,000 ዶሮ በዓመት 420 ኩንታል ይሆናል፤ ግማሹ በቆሎ ቢሆን 210 ኩንታል። እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ልክ ነው። ቀጥለው ግን የጥርን የአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ 4,000 ብር ከነሐሴው 5,600 ቀንሰው፣ ልዩነቱን 1,600 ብር በ210 አባዝተው «336,000 ብር ተረፈ» ይላሉ።

ዶሮዎቹ 210ሩንም ኩንታል በነሐሴ አይበሉትም። በየወሩ 17 ኩንታል ተኩል እየበሉ ነው ዓመቱን የሚዘልቁት። የጥሩን በቆሎ የካቲት ላይ የበላች ዶሮ ምንም አላተረፈችም፤ የካቲትም ዋጋው ያው ነውና። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የበላችው ደግሞ ጎረቤት አዲሱን ምርት በርካሽ ሲገዛ እሷ ዓመት ሊሞላው የደረሰ በቆሎ ነው የምትጨርሰው።

የጸሐፊውን ሁለት ዋጋዎች ሳንነካ መሃሉን እንሙላው። ለስሌት ያህል ነው፤ አንባቢ የራሱን ገበያ ዋጋ ይተካበት። ጥርና የካቲት 4,000፣ መጋቢት 4,200፣ ሚያዝያ 4,400፣ ግንቦት 4,700፣ ሰኔ 5,000፣ ሐምሌ 5,400፣ ነሐሴ 5,600፣ መስከረም 5,200፣ ጥቅምት 4,700፣ ኅዳር 4,200፣ ታኅሣሥ 4,000። በየወሩ 17.5 ኩንታል እየገዛ የሚኖር ሰው በዓመት 969,500 ብር ያወጣል። በጥር ሁሉንም የገዛው 840,000። ልዩነቱ 129,500 ብር ነው። የተባለው 336,000 ገና ወጪ ሳይነካው ከግማሽ በታች ወረደ።

አሁን ወጪውን እንቀንስ። ጥር ላይ ገበያ የሚወጣ በቆሎ ብዙ ጊዜ በደንብ አልደረቀም። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ በቆሎ ለማከማቻ ወደሚስማማው 13 በመቶ ሲወርድ ከመቶ ኪሎው ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ውኃ ሆኖ ይሄዳል። 210 ደረቅ ኩንታል ለማግኘት 217 ኩንታል ተኩል መግዛት ግድ ነው፤ ተጨማሪ 30,000 ብር። ብድሩ በዓመት 20 በመቶ ቢታሰብና አርቢው በየወሩ እየከፈለ ቢሄድ እንኳ በአማካይ 435,000 ብር ዓመቱን ሙሉ እጁ ላይ አለ፤ ወለዱ 87,000። ከረጢት፣ ጫኝና አውራጅ፣ የመጋዘን ቦታ በኩንታል 100 ብር ብቻ ቢያዝ 21,000። ድምሩ 138,000 ብር ነው። ከ129,500 ሲቀነስ አርቢው 8,500 ብር ከስሯል፤ ነቀዝና አይጥ ገና ሳይነኩት። ብድሩን በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚመልስ ከሆነማ ወለዱ እጥፍ ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ መግዛት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የትኛውን ወር መኖ አስቀድሞ መግዛት ያዋጣል የሚለው ነው ጥያቄው፤ መልሱም በወር በወር የሚወጣ ነው። በመጋቢት በ4,200 ብር የተገዛ ደረቅ በቆሎ በ20 በመቶ ወለድ በየወሩ 70 ብር ይበላል። በዚያ ላይ 100 ብር የማከማቻ ወጪ፣ ሁለት በመቶ ብክነት 84 ብር። ስለዚህ አንድ ኩንታል አስቀምጦ ለማትረፍ፣ በሚበላበት ወር ያለው ዋጋ ከተገዛበት ቢያንስ 184 ብር ሲደመር በየወሩ 70 ብር መብለጥ አለበት።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የሚያዝያን መኖ በመጋቢት መግዛት 54 ብር ያከስራል። ግንቦት 176 ብር ያተርፋል፣ ቀጭን ነው። ሰኔ 406፣ ሐምሌ 736፣ ነሐሴ 866፣ መስከረም 396 ብር ያተርፋሉ። ጥቅምት ተመልሶ 174 ብር ያከስራል። ስለዚህ ይህ አርቢ በመጋቢት መግዛት ያለበት የአራት ወር መኖ ነው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚበላ 70 ኩንታል። ያስፈለገው ገንዘብ 294,000 ብር፣ የተጣራ ትርፉ 42,000 ብር ገደማ። ጽሑፉ ከሚያስበድረው ሲሶውን ይዞ፣ ጽሑፉ በሚከስርበት ቦታ አተረፈ ማለት ነው።

ለምን ጥርን ትቶ መጋቢትን? ዋጋው በ200 ብር ቢጨምርም ከሁለት ወር ወለድ 138 ብርና ከውኃው ክብደት 143 ብር ገደማ ይድናል። በዚያ ላይ ደረቅ ሆኖ ስለሚገባ አይሻግትም። ግንቦት ላይ ደርሶ ዋጋው እንደተጠበቀው መጨመር ካልጀመረ፣ ያለውን በልቶ ሌላ አለመግዛት ነው። የወለጋም ሆነ የጎጃም መንገድ ሲዘጋ ዋጋው የትኛውንም ካላንደር ስለማይሰማ፣ ከማንኛውም ስሌት ውጭ የሦስት ሳምንት መጠባበቂያ ዘወትር መጋዘን ውስጥ መኖር አለበት፤ እሱን እንደ ትርፍ ማሰብ አያስፈልግም።

ስለ ማከማቸት ጽሑፉ በአንድ መስመር ያለፈው

«በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ብቻ ነው የተባለው። ደረቅ ቦታ እርጥብ በቆሎን አያደርቅም።

የእርጥበት መለኪያ የሌለው አርቢ በጨው ይፈትን። በደንብ የደረቀ 750 ሚሊ ሊትር የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ይሞላል፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመራል፣ ተከድኖ አንድ ደቂቃ ይናጣል፣ ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ከመከተቱ በፊት ሸራ ላይ ይሰጣ። ከመግዛቱ በፊት ከሆነ ደግሞ የዋጋ ክርክሩ እዚያው ይነሳ። ናሙናው ከላይኛው ከረጢት አፍ ብቻ አይወሰድ፤ ከጭነቱ መሃልና ከታች ካሉ ከረጢቶች ጭምር ይውጣ። ጨዋታው ያለው እዚያ ነው።

ባለ ሦስት ሽፋኑ ፒክስ ከረጢት ለበቆሎ ጥሩ ነው። አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልግም። ግን ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻ፣ አየራቸው ወጥቶ፣ ተጠምዝዘው መታሰር አለባቸው። አይጥ አንድ ቦታ ከበሳው ተራ ማዳበሪያ ከረጢት ሆነ። እርጥብ በቆሎ ከታሰረበትም ውስጡ ይቦካል፣ ይሻግታል፤ ላስቲኩ ውኃውን አያስወጣምና። በየሳምንቱ እየከፈቱ የሚቀንሱለት ከረጢትም ዋጋ የለውም፤ አንዱ ተከፍቶ ይለቅ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይኬድ።

ከረጢቱ መሬት አይንካ፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ይራቅ። ፎስቶክሲን የሚባለውን የነቀዝ ማጥፊያ እንክብል ግን ሰው በሚያድርበት ግቢ፣ ከቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ባለ መጋዘን ውስጥ ማንም አይጠቀም። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ፈቃድና ሥልጠና ያለው ባለሙያ ሥራ ነው።

«ፋጉሎ ደረቅ ስለሆነ ዓመት ይቀመጣል»

በጽሑፉ ውስጥ ከብር አልፎ ሰውን የሚጎዳው ይህ ነው።

ኑግ የሚታጨደው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ መጭመቂያዎች ሥራ የሚበዛባቸው፣ ፋጉሎ በብዛትና በትኩስነት የሚገኘውም ከታኅሣሥ አንስቶ እስከ ፋሲካ አካባቢ ነው። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። ግን የትንንሽ መጭመቂያዎች ፋጉሎ ዘይቱ ጨርሶ አልወጣለትም፤ ከመቶው ከሰባት እስከ አሥር የሚሆነው ቅባት ነው። ያ ቅባት በሙቀት ይበላሻል፣ ይመርራል፤ ከብቱም ሲያሸተው ይተወዋል። በዚያ ላይ ከመጭመቂያው ትኩሱን የወጣ ፋጉሎ ሳይበርድ በከረጢት ከታሰረ ላቡ ውስጥ ለውስጥ ይቀራል፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታሉ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተት አምራቾች ላይ ተጠንቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን ኤም1 (ላሟ በመኖ የበላችው መርዝ ወደ ወተት ሲያልፍ የሚይዘው መልክ) እንደነበራቸው፣ የአውሮፓን ወሰን (በሊትር 0.05 ማይክሮ ግራም) ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። በመኖ በኩል ከፍተኛ ብክለት ከተገኘባቸው ግብዓቶች ግንባር ቀደሙ የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮ ግራም።

ይህ ቁጥር በአንድ ላም ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። 12 ሊትር የምታልብ ላም በቀን ሁለት ኪሎ ፋጉሎ ትበላለች እንበል። በኪሎ 300 ማይክሮ ግራም መርዝ ካለው 600 ማይክሮ ግራም ገባ። ከዚህ ሁለት በመቶው ወደ ወተቱ ቢያልፍ 12 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለ12 ሊትር ሲካፈል በሊትር አንድ። ይህ ከአውሮፓው ወሰን 20 እጥፍ፣ ላላ ካለው የአሜሪካ ወሰን (0.5) እንኳ እጥፍ ነው። ወተት ማፍላት አያጠፋውም። ፋጉሎውን መቁላትም በቤት ደረጃ መፍትሔ አይሆንም። ሻጋታ በዓይን ስላልታየም ነፃ ነው ማለት አይቻልም። ደግነቱ የተበከለው መኖ ሲቋረጥ ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል።

ስለዚህ ፋጉሎን በበጋ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በክረምት ከአራት ሳምንት በላይ የሚያቆይ ግዢ አይገዛም። ለ10 ላም በቀን 60 ኪሎ ድብልቅ መኖ የሚሠራ አርቢ፣ 30 በመቶው ፋጉሎ ቢሆን በወር 5 ኩንታል ከ40 ኪሎ ነው የሚያስፈልገው። ከመጭመቂያው ጋር ተነጋግሮ በየወሩ ትኩሱን መውሰድ የሚቻል መጠን ነው። የዋጋ ጥቅም ከተፈለገ ዋጋው በታኅሣሥ ወይም በጥር ይቆረጥ፣ ቀብድ ይከፈል፣ ጭነቱ ግን በየወሩ ይሁን። ርካሹ ወር በስምምነቱ ወረቀት ላይ ይያዛል፤ ፋጉሎው በአርቢው መጋዘን ውስጥ ሆኖ አይደለም።

ስንገዛም አንድ ጭብጥ ፈጭቶ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ መበተን ነው። አሸዋና አፈር ወዲያው ይሰምጣል፤ ሰጋቱራና የሰሊጥም ሆነ የሌላ ገለባ ከላይ ይንሳፈፋል። በነሐሴ ፋጉሎ ሲጠፋ የሚቀርበው «ርካሽ» ፋጉሎ ላይ ይህ ሙከራ ካልተደረገ፣ የሚከፈለው ለአሸዋ ነው።

«ፉርሽካም በመኸር ይረክሳል»

ፉርሽካ አይታጨድም። ዱቄት ፋብሪካው ስንዴ ካገኘና መብራት ካለ ይወጣል፤ ከሌለ ይጠፋል። ከመኸሩ በተጨማሪ የበጋ መስኖ ስንዴ ከመጋቢት በኋላ ሲደርስ ፋብሪካዎች ስንዴ የሚያገኙበት ሌላ ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የፉርሽካ ዋጋ በዓመት አንድ ታች አንድ ላይ ብቻ ያለው አይደለም። ቅባቱም ስለሚመርር፣ ሲቆይ ስለሚጓጉልና ተባይ ስለሚያፈራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ከወሩ ይልቅ ብር የሚያድነው ሚዛን ነው። ፉርሽካ ቀላል ነው፤ ከረጢቱ ሙሉ ቢመስልም ኩንታል ላይሞላ ይችላል። ዋጋ በከረጢት ሲነገር «ስንት ኪሎ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከአሥሩ ከረጢት ሁለቱን መዝኖ በኪሎ ማስላት። በከረጢት 50 ብር ያስቀነሰ አርቢ ስምንት ኪሎ የጎደለው ከረጢት ከወሰደ ተበልቷል።

«በጾም የመኖ ዋጋ ይወርዳል»

ላሚቱ አትጾምም። ወተት ባይሸጥም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የምትበላው ያንኑ ነው። ዶሮዋም እንዲሁ። እንዲያውም በዚሁ ጊዜ ለፋሲካ የሚዘጋጁት ሁሉ ገበያ ውስጥ ናቸው፦ ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ሦስት ወር ቀድሞ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ፉርሽካና ፋጉሎ ይገዛል፤ የሥጋ ዶሮ የሚያሳድግ ከስድስት ሰባት ሳምንት በፊት ጫጩት ያስገባል፤ በግም እንዲሁ ይደልባል። ፈላጊው የሚበዛው በጾሙ ውስጥ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም ከበዓሉ ማግስት።

አረፋ ደግሞ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ ይህን ስሌት ይለዋውጠዋል። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ አረፋ ግንቦት 29 ዋለ፤ መሃላቸው ሰባት ሳምንት እንኳ አልሞላም። የፋሲካው ሰንጋ ሳይሸጥ የአረፋው በግና ሰንጋ መመገብ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ባለ ዓመት «ከፋሲካ ማግስት ይረክሳል» ብሎ መጠበቅም አይሠራም። የሁለቱን በዓላት ቀን አይቶ፣ ከእያንዳንዱ 90 ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ መዋዋል ነው።

ሌላም አለ፦ በጾም የወተት አርቢው ኪስ ከሁሉ ጊዜ ይበልጥ ባዶ ነው። ትልቅ ግዢን በዚያ ሰሞን ማስያዝ ብድር ውስጥ መግቢያ ነው። የጾሙን መኖ ከገናና ከጥምቀት የወተት ሽያጭ ላይ ቀድሞ መያዝ ይሻላል።

ድርቆሽና ጭድ አንድ ወር የላቸውም

ጭድ በታኅሣሥና በጥር፣ ከውቂያ በኋላ ይረክሳል፤ ይህ እውነት ነው። የጤፍ ጭድ ከሆነ ከከብት ሌላ ለጭቃ ቤት የሚፈልገው ስላለ በበጋው የግንባታ ሰሞን እንደገና ይወደዳል፤ ቶሎ መግዛቱ ጥሩ ነው።

ድርቆሽ ግን በጥር አይጠበቅም። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሆለታ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ሣሩ የሚታጨደው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። አርቢው ገንዘብ ካለው በመስከረም ሣሩን በቁሙ ይገዛል፤ ከሌለው ከአጨዳው ላይ በጥቅምትና በኅዳር ይገዛል። በጥር የሚገኘው ነጋዴ ከምሮ ያቆየው ወይም ዘግይቶ የታጨደው ነው።

ዘግይቶ የታጨደ ሣር ክብደት አለው፣ ፕሮቲን የለውም። ግማሹ ሲያብብ የታጨደ ድርቆሽ ሰባት በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው፣ ፍሬው ረግፎ አገዳ ሲሆን አምስት ይወርዳል። በ100 ኩንታል ላይ ልዩነቱ 200 ኪሎ ፕሮቲን ነው። ያንን በፋጉሎ ለመተካት፣ ፋጉሎው 30 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው፣ ስድስት ኩንታል ከ67 ኪሎ ያስፈልጋል። «ርካሽ ድርቆሽ» ላይ ይህን ደምሩበት። 10 ላም፣ እያንዳንዷ በቀን ሰባት ኪሎ ስትበላ፣ በዓመት 255 ኩንታል ድርቆሽ ነው የምትፈልጉት፤ ስህተቱ ትንሽ አይደለም።

የጥቅምት ዝናብ አለ። ርጥብ ሆኖ የታሰረ ድርቆሽ ውስጡ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ እሳት እስከመነሳትም ይደርሳል። እስሩ መሃል እጅ ሲገባ የሚሞቅ ከሆነ አይጫን። እስር በቁጥር ሲገዛም አምስት እስር ተመዝኖ አማካዩ ይወሰድ፤ የአንዱ ነጋዴ እስር 15 ኪሎ፣ የሌላው 11 ሊሆን ይችላል።

«በኩንታል ርካሹን ምረጥ»

ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው ርጥብ ብቅል በኩንታል ርካሽ ነው። ግን ከመቶ ኪሎው 22 ኪሎ ያህሉ ብቻ ደረቅ ነገር ነው፤ ፉርሽካ 88 ነው። አራት ኩንታል ብቅል አንድ ኩንታል ፉርሽካን በደረቅ መጠን ይተካል፤ የመኪናውም ኪራይ ለአራት ኩንታል ነው። ከፋብሪካው ቅርብ ለሆነ አርቢ ያዋጣል፤ ሩቅ ላለ ውኃ ማመላለስ ነው። ሙቀት ላይ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ይበላሻል። በርካሽ ሰሞን በብዛት ያገኘ ሰው 100 ኪሎውን ከ20 ኪሎ ፉርሽካ ጋር ደባልቆ (ደረቁ ወደ 33 በመቶ ይደርሳል) ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ እየረገጠ፣ አየር ሳይቀር ሸፍኖ እንደ ገፈራ (አየር ሳያገኝ ታፍኖ እንደሚቆይ እርጥብ መኖ) ማቆየት ይችላል።

ለፕሮቲን የሚገዙ ግብዓቶች በኩንታል አይነጻጸሩም፤ ዋጋው ለፕሮቲኑ ይካፈል። ለስሌት ያህል 3,000 ብር የሆነ፣ 30 በመቶ ፕሮቲን ያለው የኑግ ፋጉሎ አንዱን ኪሎ ፕሮቲን 100 ብር ይሸጣል። 2,400 ብር የሆነ፣ 16 በመቶ ያለው ፉርሽካ 150 ብር ይሸጣል፤ በኩንታል ግን 600 ብር ርካሽ ነበር።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ሲረክስ «ለሁሉም ይሰጥ» መባሉም አደገኛ ነው። ጎሲፖል የሚባል ነገር አለው፤ ያደገ ላምና ሰንጋ ይችሉታል፣ ለዶሮና ለትንሽ ጥጃ ግን ጎጂ ነው፤ የእንቁላሉንም አስኳል ያበላሻል። ጥሬ አኩሪ አተርም ሳይቆላ ለዶሮ አይሰጥም።

ቀሪዎቹ

ሞላሰስ በጥር ይገዛ መባሉ ብዙም አያስከፋም፤ ግን የሚሻለው ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ስኳር ፋብሪካዎች ለክረምት ጥገና አገዳ መፍጨት ከማቆማቸው በፊት መያዝ ነው። ውኃ ካልገባው ይቆያል። በርሜሉ እስከ አፉ አይሞላ፤ አረፋ ሲያነሳ እንዳይገነፍል ከአሥር አንዱ ባዶ ይተው።

ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ)፣ እንዲሁም የፕሮቲን ክፍል የሆኑት ላይሲንና ሜቲዮኒን ከውጭ ስለሚገቡ የሚከተሉት ዶላሩን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የእነዚህን ዋጋ የወሰነው መኸር አልነበረም። ዋጋ ይጨምራል ብሎ የዓመት ቫይታሚን ማከማቸት ደግሞ ሌላ ኪሳራ ነው፤ ቫይታሚኖቹ፣ በተለይ ኤ፣ ከማዕድናቱ ጋር በአንድ ከረጢት ሲቀመጡ በሙቀት ኃይላቸውን ያጣሉ። የተመረተበት ቀን ይታይ፤ ከሦስት ወር በላይ የሚያቆይ አይገዛ።

በመጨረሻ ጽሑፉ ያላነሳው፦ ግብዓት በርካሽ ተገኘ ተብሎ በአንድ ቀን አይለወጥም። የላም ሆድ ውስጥ ያሉት ጀርሞች አዲሱን እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። አሮጌው ከማለቁ ሁለት ሳምንት በፊት አዲሱ ይገዛ፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ሩቡ፣ በቀጣዮቹ አራት ግማሹ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛው እየተተካ በ12 ወይም በ14ኛው ቀን ይጠቃለል። በእነዚህ ቀናት የጠዋትና የማታ ወተት በየላሟ ይመዘን። አንዲት 12 ሊትር የምታልብ ላም በድንገተኛ ለውጥ ሁለት ሊትር ለአሥር ቀን ከቀነሰች 20 ሊትር ሄደ፤ በ10 ላም 200 ሊትር። አዲሱ ግብዓት ከዚህ በላይ ካላዳነ አሮጌው በውድ ዋጋውም ቢሆን ይቀጥል።